ክብደት መቀነሻ ክኒን ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ ደብተር ግዙ

የአጎቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የታጠበ ሲኒ እንደገና ስታጥብ አገኘኋት። ያንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ እንኳ አልደረበችም። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ምንም፣ እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ነው» አለች። ለካ ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ለሰርግ ብላ በስልክ ያዘዘችውን ቦርጭ ማጥፊያ እየዋጠች ኖሯል። ማሸጊያው ላይ ያለው «ከዕፅዋት የተቀመመ» የሚል ብቻ ነው።

እናም መጀመሪያ፣ ውስጡ ምን እንዳለ እወቁ። ፈንተርሚን ከሆነ አነቃቂ ነው። እንቅልፍ ይነሳል፣ ያቁነጠንጣል፣ የሚታዘዘውም ለአጭር ጊዜ ነው። ናልትሬክሶንና ቡፕሮፒዮን የተቀላቀሉበት ክኒን አሜሪካ ውስጥ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ በጥቁር ሳጥን የተከበበ፣ ማለትም ከሁሉም የጠነከረው ዓይነት፣ ማስጠንቀቂያ አለበት። ቶፒራሜት ያለበት ደግሞ ስሜት ያጨልማል፣ አፍ ላይ ያለ ቃል ያስጠፋል። በሳምንት አንዴ የሚወጋው ሴማግሉታይድ ላይም ጥርጣሬ ተነስቶ ነበር፤ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2023 መመርመር ጀምሮ በ2024 ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ የለም ብሏል። ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ ግን አይደለም፤ ሪሞናባንት የሚባል ሌላ ክብደት መቀነሻ መድኃኒት በ2006 እዚያው አውሮፓ ተፈቅዶ በ2008 በድብርት የተነሳ ታግዷል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

«ዕፅዋት ነው» የሚለውን እርሱት። ለልብ አስጊ ነው ተብሎ በ2010 አውሮፓና አሜሪካ ከገበያ የወጣው ሲቡትራሚን የሚባል ክብደት መቀነሻ መድኃኒት እንዲህ ባሉ ማሸጊያዎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል።

ሐኪሙ ጋ ስትቀርቡ ድብርት ኖሯችሁ ከሆነ፣ ቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ካለ፣ የምትወስዱት ሌላ መድኃኒት ካለ ተናገሩ። እኛ አገር ይሄ ገመና ነው ተብሎ ይሸፈናል፣ እሱ ነው የሚጎዳን።

ደብተሩ ላይ ደግሞ ክኒኑን ከመጀመራችሁ ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ ማታ ማታ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ሆዴን ምን ባሰው፣ ማንን ተቆጣሁ። ከዚያ አብሯችሁ ለሚኖር ሰው አሳዩ፣ ምክንያቱም ሰው ራሱ ሲለወጥ ለራሱ አይታየውም፣ የእኛዋም «ደህና ነኝ» ስትል የምሯን ነበር። አነቃቂ የምትወስዱ ከሆነ ጫት አትንኩ። ቡናውንም አቦል ላይ አቁሙት፣ በተለይ በጾም ባዶ ሆድ።

ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ ያሳድደኛል ማለት ወይም ሞትን መመኘት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው፣ ሰውየውንም ብቻውን አትተዉት። ከዚህ የቀለለ ከሆነ ለሐኪሙ ደውሉ። ቶፒራሜትን በራሳችሁ ድንገት እንዳታቆሙት፣ የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ዘመድ «ሸንኮራ ዮሐንስ እንውሰዳት» ብሎ ነበር። ጸበሉን አልቃወምም፣ እኔም ተጠምቄበታለሁ። ግን መጀመሪያ ማሸጊያውን በፌስታል ይዘን ሐኪም ጋ ሄድን። «ይሄን ዛሬውኑ አቁሚ» አላት። እንቅልፏ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ቀሚሱን ልብስ ሰፊ ጋ ወስደን ጎኑን አስለቀቅነው፣ ሰርጉ ላይም ለበሰችው።