የትራፊክ አደጋ መረጃ ስትተነትኑ ካርታው አይሸውዳችሁ

የአዲስ አበባን የአደጋ መዝገብ ያገኘ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው ካርታ ነው። ካርታ ያምራል። ግን ቀይ ነጥቦቹን ከማመናችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ።

ትራፊክ ፖሊሱ «2 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ እንደ ማንኛችንም በሀበሻ ሰዓት ነው። መረጃ አስገቢው 2:00 ብሎ ኤክሴል ላይ ይመታዋል። ኤክሴል ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ «አደጋ የሚበዛው በውድቅት ሌሊት፣ ጠጥተው በሚነዱ ነው» የሚል ሪፖርት ይወጣል። ተማሪ ትምህርት ቤት ሲገባ የተገጨው የመጠጥ ቤት አደጋ ሆኖ ቁጭ! ሰዓቱ ግማሹ ተቀይሮ ግማሹ ሳይቀየር የመጣ ፋይል ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም። እባካችሁ ዋናውን ወረቀት ጠይቁ። «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለውም የራሱ ዓምድ ይኑረው።

ቀኑም ያው ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብታስገቡ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜንማ ጭራሽ ወር አያደርጋትም። እነዚህ ረድፎች ከወርሃዊው ድምር ሹልክ ሲሉ ማንም አያይም።

«የአደጋው ምክንያት» የሚለውን ዓምድ እንደ ወንጌል አትውሰዱ። ፖሊስ የሚፈልገው ጥፋተኛውን ነው። «ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት» ሲል እውነቱን ነው፤ ዜብራው መደብዘዙን፣ የመንገድ መብራቱ መጥፋቱን ግን አይነግራችሁም። በከተማዋ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ቀለበት መንገድ ላይ አጥር ዘሎ የሚሻገረውን «ሥርዓት የለውም» ከማለታችሁ በፊት፣ እስከ ቀጣዩ የእግረኛ ድልድይ ድረስ በፀሐይ ሂዱና እዩት።

ቦታው «መገናኛ» ብቻ ከተባለ አደባባዩ ላይ ነጥብ አታስቀምጡ። ታክሲ ተራውም መገናኛ ነው።

ሟቾችን ስትቆጥሩ ሆስፒታል ደውሉ። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር አደጋ ደርሶበት በ30 ቀን ውስጥ የሞተ ሰው የመንገድ ሟች ነው። የፖሊስ መዝገብ ላይ ግን «ከባድ ጉዳት» እንደተባለ ሊቀር ይችላል።

በመጨረሻ፣ አንድ ክፉ ዓመት አይታችሁ ፍጥነት መቀነሻ አሠርታችሁ፣ በዓመቱ አደጋው ሲቀንስ አታጨብጭቡ። ባትነኩትም ሊቀንስ ይችል ነበር። ቢያንስ የ3 ዓመት መረጃ ይዛችሁ፣ ምንም ካልተሠራበት ተመሳሳይ መስቀለኛ መንገድ ጋር አስተያዩት።