ካርድ ላይ «8 ሰዓት» ብቻ አትጻፉ

ድንገተኛ ክፍል ለምትሠሩ። ከደምቢያ በሽተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚ «8 ሰዓት ላይ ጀመረው» ይላል። ካርዱ ላይ 8:00 ይሰፍራል። ተረኛ ሲቀየር ግን የቱ 8? የቀኑ፣ የሌሊቱ ወይስ የፈረንጁ? የ6 ሰዓት ስህተት ቀላል አይደለም፤ በስትሮክ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

እዚህ ጎንደር የለመድኩት ዘዴ፦ በ24 ሰዓት አቆጣጠር «14:00» እጽፍና ጎኑ ላይ «ቀን 8» እጨምራለሁ። አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። አስታማሚውንም «ከምሳ በፊት ነው በኋላ?» በሉት፤ ከሰዓቱ ይልቅ ምሳውን ያስታውሳል።

ልቡ የቆመ ታካሚ ላይ ግን እጃችሁ ከደረቱ አይነሳ። ሰዓቱን ሌላ ሰው ፕላስተር ላይ ይጫር፤ ወደ ካርዱ ስታዛውሩት «ዘግይቶ የተጻፈ» በሉበት።