ማይክ ከመያዛችሁ በፊት ማለቅ ያለበት ነገር

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እኔ ዘፋኝ አይደለሁም ኦርጋን ነው ምጫወተው፣ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ከመንዝ እስከ ሸዋሮቢት ዳስ ለዳስ ስዞር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ዘፋኝን ከጀርባ ማየት ሌላ ነገር ነው፣ ሕዝቡ ፈገግታውን ሲያይ እኔ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ነው ማየው። ጀማሪ ልጆች መጥተው "ድምፅ አለኝ ድፍረት ነው ያጣሁት" ይሉኛል። አይደለም ባክህ። ኪይህን፣ ማለትም ዘፈኑ ለድምፅህ ሚመችበትን ከፍታ፣ አልቆረጥክም፣ የት እንደምትተነፍስ አታውቅም፣ ግጥሙ ቢጠፋህ ምን እንደምታረግ ከባንዱ ጋ አልተነጋገርክም፣ ታዲያ እንዴት አትፈራ? እቤት ሳይወሰን የቀረው ነገር ነው መድረክ ላይ ፍርሃት ሆኖ ሚጠብቃችሁ።

ከኪይ እንጀምር። ብዙ ሰው የዘፈኑን መጀመሪያ ሞክሮ "እዚ ጋ ይመቸኛል" ይላል፣ መጀመሪያውማ ለማን አይመችም፣ ዝቅ ያለ ነው። መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ አዝማቹ ውስጥ ያለችው ከፍተኛዋ ኖታ ናት። እሷን ፈልጓት፣ ካስጨነቀቻችሁ ግማሽ ቶን ግማሽ ቶን (ኦርጋኑ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ቀጥሎ ወዳለው ቁልፍ) እያላችሁ አውርዱ፣ አስሬ ዘፍናችኋት ጉሮሯችሁ ካላጉረመረመ እሱ ነው የናንተ ኪይ። ዋናው ዘፋኝ በዘፈነበት ካልዘፈንኩ ማለት ከንቱ ኩራት ነው፣ ሰርገኛው ኪይ አይቆጥርም። ቅኝቱንም እወቁ፣ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ፣ አምስት አምስት ኖታ ናቸውና መግቢያው ሲመታ መነሻችሁን ከዛ ነው ምታነሱት። አንቺሆዬ ላይ በተለይ መነሻውን የሳተ ሰው እስኪመለስ ድረስ እኛ ከኋላ ሆነን ነው ምናልበው።

እዚ ጋ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አንድ ሰርግ ላይ ቀድሞ ለዘፈነው ልጅ ትራንስፖዙን (የኦርጋኑን ኪይ በቁጥር ሚያወጣና ሚያወርደውን) 3 ከፍ አርጌው ሳልመልሰው ቀረሁ። ቀጥላ የወጣችው ልጅ ገና ሁለተኛዋ መድረኳ ነበር፣ መግቢያውን ሰማች፣ ጀመረች፣ የመጀመሪያው ስንኝ አለፈላት፣ አዝማቹ ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰነጠቀ። ዞር ብላ ያየችኝ አስተያየት እስካሁን አለ። እሷ የራሷ ጥፋት መስሏት ለሁለት ወር ማይክ አልነካችም፣ እኔም ጥፋቱ የኔ መሆኑን የነገርኳት ዘግይቼ ነው፣ አሳፋሪ። ከዛ ወዲህ ዘፋኞቼ የኪያቸውን ቁጥር መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፣ ወደ መድረክ ሲወጡ መዳፋቸውን ያሳዩኛል፣ እኔ አይቼ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። እናንተም ኦርጋኒስቱን አትመኑት፣ ጠይቁት።

ትንፋሽ ደግሞ በኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋሮቢት ግን ከግማሹም በታች ነው፣ በጣርማበር ወርዳችሁ ስትዘፍኑ ሳንባችሁ የሰፋ ይመስላችኋል፣ ከቆላ ወደ እኛ የመጣ ዘፋኝ ግን እስክስታ እየወረደ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ነው ትንፋሹ ሚያጥረው። ስለዚ ከቆላ ምትመጡ ከሆነ ቢቻል ቀደም ብላችሁ ግቡ፣ ካልተቻለ ፈጣን የጭፈራ ዘፈኖችን ወደኋላ አርጉና በቀስታው ጀምሩ። ልምምዱን ቁጭ ብላችሁ ብቻ አትለማመዱ፣ በፈጣኑ እየተራመዳችሁ፣ ትከሻችሁን እየመታችሁ ዝፈኑ፣ እየዘፈናችሁ ትንፋሽ ሚያልቅባችሁን ቦታ በግጥሙ ወረቀት ላይ ጭረት አርጉበት። ጭረቱ ቃል መሀል ላይ ካረፈ ቦታውን ቀይሩ፣ "እናት" ብሎ ተንፍሶ "ዬ" ሚል ዘፋኝ ሰምቼ አውቃለሁ። ስትተነፍሱ ትከሻ አይነሳ፣ ሆድና ጎን ነው ሚሰፋው፣ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አርጋችሁ እዩት።

ማሟሟቂያ ረጅም አያስፈልግም፣ 10 ደቂቃ፣ አፍ ገጥሞ ማንጎራጎር፣ ከንፈርን እንደ ፈረስ ብር ብር እያረጉ ከታች ወደ ላይ መውጣትና መውረድ፣ አለቀ። በጩኸት አታሟሙቁ። እና ይቺ ጥሬ እንቁላል፣ ዝንጅብል፣ አንድ መለኪያ አረቄ ምትባለው ነገር... ምትውጡት ነገር በምግብ ቧንቧ ነው ሚወርደው፣ የድምፅ አውታሩን አይነካውም፣ ጉሮሮን ደስ ሊለው ይችላል እንጂ ድምፅ አይሰራም። አረቄው ጭራሽ ያደርቃል፣ ደፋር ያረጋችሁ ይመስላችኋል እንጂ ጆሯችሁን ነው ሚሰርቀው፣ ከኖታው ወጥታችሁ እንኳ አይሰማችሁም። ቀኑን ሙሉ ውሃ፣ ብርዱ ከጠነከረ የፈላ ውሃ እንፋሎት፣ እሱ በትክክል አውታሩ ጋ ይደርሳል። በርበሬ የበዛበት ወጥ በልታችሁ ወዲያው አትውጡ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም አርጉት፣ ሰርግ ቤት "ብሉ እንጂ ምነው" ሲሏችሁ ስንት ጊዜ እምቢ እንደምትሉ ግን የናንተ ፈንታ ነው። ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ ደግሞ ዳማከሴ አትፈልጉ፣ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ማይክ። "አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት" ብላችሁ ሳውንድ ቼክ ጨረስን አትበሉ፣ ከዘፈኑ በጣም ምትጮሁበትን ቦታ ዝፈኑለት ለሳውንድ ማኑ። የማይኩን ጭንቅላት በመዳፍ አትጨብጡ፣ ራፐሮች ሲያረጉት አይታችሁ ይሆናል፣ ወዲያው ነው ሚያፏጨው። ከአፍ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ፣ ከፍተኛዋ ኖታ ጋ ስትደርሱ ትንሽ ራቅ አርጉት። ኤኮ ይቀነስ በሉ፣ እኛ አገር ሳውንድ ማን ኤኮ እንደ ቅቤ ነው ሚያፈሰው፣ ኤኮው ሲበዛ የራሳችሁን ድምፅ ዘግይታችሁ ትሰሙና ሪትሙ ይጠፋችኋል። ሞኒተር (ወደ እናንተ የዞረው ስፒከር) ላይ ድምፃችሁ ካልተሰማችሁ ሳትፈሩ ጠይቁ፣ ራሱን ያልሰማ ሰው ይጮሃል፣ የጮኸ ሰው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያልቃል።

ከመውጣታችሁ በፊት ልብ ሲመታ በ4 ቆጥራችሁ ሳቡ በ8 አውጡ፣ አምስት ስድስቴ፣ ማውጣቱ ነው ልብን ሚያረጋጋው። ፍርሃት ዘፈን ያፈጥናል፣ ስለዚ ድራመሩ እስኪቆጥር ጠብቁ፣ እግራችሁ ሪትሙን ይያዝ፣ ከዛ ነው አፍ ሚከፈተው። ግጥም ከጠፋ አዝማቹን ድገሙ፣ ማንም አያውቅባችሁም፣ እጅ ከተነሳ ሙዚቃ ብቻ እንገባለን፣ ጭንቅላት ከተነቀነቀ እንዘጋለን፣ እንዲ ምልክት ቀድማችሁ ተስማሙ። አዝማሪን እዩት፣ ሰዉ "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ሲወረውርበት አይደነግጥም፣ ማሲንቆውን ያስኬዳል፣ በዛች መሀል ያስባል። ብር ግንባራችሁ ላይ ሲለጥፉ ደግሞ አታቁሙ፣ በዓይን አመስግኑና ቀጥሉ፣ ወድቆ ሚበተነውን ሌላ ሰው ይልቀምላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ የራስ ድምፅ። አንድ የመንዝ ልጅ ነበር፣ ሲያወራ ወፍራምና ለስለስ ያለ ድምፅ ያለው፣ ማይክ ሲይዝ ግን ጥላሁን ገሠሠ ሚሆን፣ ሲቃው ሳይቀር። ጥላሁን በ2001 ነው ያረፈው፣ ልጁ መድረክ ላይ አይቶት አያውቅም፣ ቅጂ ነበር ሚቀዳው። መኮረጅ አይከፋም ጆሮ ሚከፈተው በሱ ነው፣ ግን ሰው ሰርግ ላይ ጥላሁንን ከፈለገ ፍላሽ ይሰካል። አንድ ቀን እነሱ ቤት ቡና ላይ አክስቱ ምስር እየለቀሙ ቁጭ ብለዋል፣ "ግጥሙን ለእትዬ እንደ ወሬ ንገራቸው፣ ዜማ የለም" አልኩት። እያፈረ ጀመረ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሴትየዋ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ፣ ቀና ብለው "እና ከዛ ወዲያ ሳትመለስ ቀረች?" አሉት። ሳቅን። "በቃ በዚሁ አፍህ ዜማውን ጫንበት" አልኩት፣ ሲቃው የለም፣ አንገት ማወዛወዙ የለም፣ ኪዩንም ሁለት ግማሽ ቶን አወረድነው፣ የሰማሁት ድምፅ የሱ ነበር። እናንተም ለእናታችሁ፣ ለጓደኛችሁ ንገሩት፣ ስልካችሁ ላይ ቅዱት፣ ከዛ ዘፍናችሁ ቅዱት፣ ሁለቱ አንድ ሰው ካልመሰሉ ስራ አለ ማለት ነው። ትርጉሙን ማታውቁት ቃል ካለ ጠይቁ፣ ወርቁ ያልገባው ዘፋኝ ሰሙን ብቻ እየሳቀ ይዘፍናል፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ያውቃሉ። ያገር ስም ስትጠሩም ተጠንቀቁ፣ መርሃቤቴ ዳስ ውስጥ "የቡልጋ ልጅ" እያለ የዘፈነ ሰው አይቻለሁ፣ ጭብጨባው እዛው ነው የቀዘቀዘው።

ጨርሳችሁ ስትወርዱ ላባችሁን ይዛችሁ ወደ ብርዱ አትውጡ፣ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ በሙዚቃው ላይ እየጮሃችሁ አታውሩ። አንድ ሰው በስልክ ይቅረጻችሁ። ቪዲዮውን ግን ያን ሌሊት አትክፈቱት፣ በማግስቱ ቁርስ በልታችሁ፣ አንዴ በድምፅ ብቻ አንዴ ደግሞ ድምፁን ዘግታችሁ በምስል ብቻ እዩት፣ ወረቀቱን አውጡና ጭረቶቹን አስተካክሉ።