የተማሪ ውጤት ወረደ ብሎ የሚሰበሰብ ቦርድ የሚሠራቸው ስህተቶች

የልጄ ትምህርት ቤት ቦርድ ውስጥ በወላጅ ወገን ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ስብሰባው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ርዕሰ መምህሩ ወረቀት ያድላሉ። ወረቀቱ ላይ መቶኛ አለ፤ መቶኛው ወርዷል። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና «ያው ኮሮና ነዋ» ይላል። ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ሻይ ይመጣል።

ቦርድም በሉት ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት)፣ ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች የማውቃቸው እኛው ስለሠራናቸው ነው።

ሁሉንም ነገር ኮሮና ላይ ማላከክ

ኮሮና አልጎዳንም እያልኩ አይደለም። ትምህርት ቤት መጋቢት 2012 ላይ ተዘጋ። አብዛኛው ተማሪ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ወደ ቀጣዩ ክፍል ተዛወረ። በ2013 ሲከፈትም ብዙ ቦታ ትምህርቱ በፈረቃ ነበር፤ ልጁ ቀን እየዘለለ ይገባል። በቴሌግራም የሚላከው ወርክሺት ደግሞ ስልክና ካርድ ላለው ቤት ነበር።

ግን ሁላችንም ያስደነገጠን የ12ኛ ክፍል ውጤት የመጣው በ2014ቱ ፈተና ነው። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። ያኔ የተቀየረው ምን ነበር? ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሰጠ። ሚዛኑ ተቀየረ ማለት ነው። አሮጌው ሚዛን ላይ ደግሞ እጃቸውን ጣል የሚያደርጉ እንደነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «በኮሮና ይህን ያህል ወረደ» ማለት አይሆንም። በዚያ ላይ በብዙ አካባቢ ጦርነቱም ትምህርት ቤት ዘግቷል።

ሌላም አለ። በ2002 ዓ.ም፣ ማለትም ኮሮና ከመምጣቱ አሥር ዓመት በፊት፣ በተለያዩ ክልሎች የንባብ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ቤቱ ድሮም ያፈስ ነበር። ኮሮና ክረምቱን ነው ያመጣው።

መቶኛውን አይቶ ማጨብጨብ ወይም ማልቀስ

የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያለፉት በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ደስ ይላል። ግን በ2017 የተፈተኑት 585,882 ናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ የተፈታኙ ቁጥር ከ310 ሺህ በላይ ቀንሷል። ያለፉት በቁጥርም ጨምረዋል፤ 48,929 ደርሰዋል። ይህን አልክድም። ግን የቀሩት የት ገቡ? የኛ ቦርድም ስለራሱ ትምህርት ቤት ይህንን መጠየቅ ነበረበት። ዘጠነኛ ክፍል ስንት ሆነው ጀመሩ፣ ለፈተና ስንት ደረሱ?

ደካማ ተማሪን በዘዴ መልቀቂያ አስይዞ የማለፊያ መቶኛን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ሲደረግ አይቻለሁ። የት እንደሆነ ይቅር።

ሮስተሩን ማመን

ይህ ስህተት ለኔ ዋናው ነው።

አንድ ስብሰባ ላይ የሰባተኛ ክፍል ሮስተር ተሰጠን። ሒሳብ፣ አማካይ 78። ጥሩ ነው ብለን ልናልፈው ስንል አንዲት እናት፣ ገበያ ላይ እህል የሚሸጡ ሴትዮ ናቸው፣ «ታዲያ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ሚኒስትሪ ላይ የሚወድቁት ምን ሆነው ነው?» አሉ። ዝም ተባለ።

የክፍል ውጤት በተከታታይ ምዘና ይሞላል። ደብተር ለያዘ አምስት፣ ለቡድን ሥራ አሥር፣ የቤት ሥራ ላመጣ አሥር። የቤት ሥራውን እሱ ይሥራው እህቱ ትሥራው አይጠየቅም። መምህሩም ዝቅተኛ ማርክ ከሰጠ «ለምን ወደቁብህ?» የሚባለው እሱ ስለሆነ ይሞላል። አልፈርድበትም።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ሞከርን። አንዲት መምህርት የሦስተኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍና አንድ የቅነሳ ጥያቄ ይዘው አሥራ ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ ጠሩ። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ሦስቱ ፊደል እየቆጠሩ ነው ያነበቡት። «ተንቀሳቀሰ» የሚለው ላይ ሲደርሱ «ተ…ን…ቀ» ይሉና ቀሪውን ከራሳቸው ይጨምራሉ።

ቅነሳው 7,003 ሲቀነስ 468 ነበር። አንዱ ልጅ ያለማመንታት 7,465 ብሎ ጻፈ። መምህርቷ አልተቆጡም። «ከሦስት ላይ ስምንት አልቀነስ ሲለው ገልብጦ ከስምንት ላይ ሦስት ቀነሰ። ዜሮዎቹም ላይ እንደዚያው» አሉኝ። ዜሮን ተሻግሮ መበደር አያውቅም። የታችኛው ክፍል ትምህርት ነው። ይህ ልጅ በ2012 አንደኛ ክፍል ነበር፤ ሁለተኛን በፈረቃ ነው የተማረው። ሮስተሩ ላይ ሒሳብ 74 አለው።

ከሦስት ዓመት ስብሰባ ይልቅ ያቺ አንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ አስተማረችኝ።

የፈተና ክፍሎችን ብቻ ማየት

ቦርድ ስለ 8ኛና 12ኛ ክፍል ያወራል፤ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የነሱ ነውና። ግን ኮሮና ሲመጣ ኬጂና አንደኛ ክፍል የነበሩት በ2018 ስድስተኛና ሰባተኛ ላይ ናቸው። መነሻ ንባባቸው ላይ ነው ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው። ሚኒስትሪ እስኪወድቁ ለምን እንጠብቃለን?

ጥፋተኛ ፍለጋ

መምህሩ «ወላጅ አይከታተልም» ይላል። ወላጁ «መምህሩ ስልክ ላይ ነው» ይላል። ተማሪ ተወካዩ ወለሉን ያያል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ለዚህ ነው ክርክሩ የማያልቀው። እኛ ሰዓት ገደብንበት፤ አሥር ደቂቃ።

ያንኑ ትምህርት ቅዳሜ መድገም

ውጤት ሲወርድ የመጀመሪያው ሐሳብ ቲቶሪያል ነው። ሁሉም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቅዳሜ ይምጣ፣ ያው የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ፣ ያው መምህር፣ ስድሳ ልጅ። ሰኞ ያልገባው ቅዳሜም አይገባውም። መምህሩም ሳምንቱን ሙሉ ቆሞ ውሎ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲመጣ ይጠየቃል። ሁለት ሳምንት ይመጣል፣ ከዚያ ክፍሉ ይሳሳል።

የተሻለው ልጆቹን በዕድሜ ወይም በክፍል ሳይሆን በሚያውቁት ልክ መለየት ነው። ማንበብ የሚቸግራቸው አንድ ላይ፣ መበደር የማይችሉ አንድ ላይ። ቡድኑ ትንሽ፣ ጊዜው አጭር፣ ቢቻል በሥራ ቀን። አንድ አባል «ትልልቆቹ ልጆች የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዘው ሲታዩ ያፍራሉ» ብለው ሰጉ። ልክ ነበሩ። ገጾቹን ፎቶ ኮፒ አድርገን ሽፋኑን ተውነው።

«ትኩረት ይሰጠው» ብሎ መበተን

የድሮ ቃለ ጉባኤያችንን ገልጬ ነበር። «ለደካማ ተማሪዎች ትኩረት እንዲሰጥ»፣ «የወላጆች ክትትል እንዲጠናከር»። ማን ይስጥ? መቼ? የለም። አሁን በያንዳንዱ ውሳኔ ትይዩ ስምና ቀን እንጽፋለን። ቀጣዩ ስብሰባ በሱ ይጀምራል፤ ያልሠራው ሰው ሻይ ሳይመጣ ይናገራል።

ያ 7,465 ያለው ልጅ መበደር የማይችሉት ልጆች ዝርዝር ላይ ሦስተኛ ነው። ታኅሣሥ ላይ መምህርቷ 5,002 ሲቀነስ 137 ሰጡት። ዜሮዎቹ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፣ በጣቱ የሆነ ነገር ቆጠረ፣ ከዚያ 4,865 ብሎ ጻፈ። ማካፈል ግን ገና ነው።