የጎማ ንፋስ ለፍጥነት መለኪያና ለነዳጅ፦ በጎጃም መንገድ ለሚነዱ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳርም ሆነ ወደ ደጀን ለመጓዝ ሲነሱ፣ የጎማ ንፋስ የሚለካው በማለዳ፣ መኪናው ካደረበት ሳይንቀሳቀስ ነው። ጎማ ሲሽከረከር ይግላል፤ በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅም ግፊቱ ስለሚጨምር፣ በየ6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለውጥ ንባቡ በ1 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ስለዚህ የራስዎ መለኪያ ቢኖርዎት ይመረጣል፤ ጎሚስታ ዘንድ የሚያስለኩ ከሆነም ቅርብ ወደሆነው ይሂዱ።

ትክክለኛው መጠን የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ምልክት ላይ ነው። በጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ግፊት እንጂ ለመኪናዎ የተመከረው አይደለም።

ከሞሉ በኋላ የፍጥነት መለኪያውን ይፈትሹ። ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር ባለው ሜዳማ መንገድ ላይ ፍጥነቱን 60 ላይ አጽንተው ይንዱ፤ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ደግሞ በስልኩ ጂፒኤስ የሚታየውን ፍጥነት ያንብብ። ፋብሪካዎች መለኪያውን ጥቂት ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ስለሚሠሩት፣ ስልኩ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳይ አይደንግጡ። መለኪያው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር በመሆኑ፣ ንፋስ ያነሰው ጎማ ተጨፍልቆ ዙሩ ሲበዛ ንባቡ ከእውነተኛው ፍጥነት የበለጠ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ራዲያል ጎማ በውስጡ የብረት ቀበቶ ስላለው ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ አይዘልም። ጥርሱ ያለቀ ጎማ የሚያመጣው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል፤ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል።

ዋናው ኪሳራ ያለው ነዳጁ ላይ ነው። የላላ ጎማ በየዙሩ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ጉልበት ወደ ሙቀት እየተለወጠ ይባክናል፤ ያን ጉልበት የሚተካው ሞተሩ፣ ሞተሩን የሚመግበው ደግሞ የእርስዎ ኪስ ነው። በአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ስሌት የአራቱ ጎማዎች አማካይ ግፊት በ1 ፒኤስአይ በቀነሰ ቁጥር በአንድ ሊትር የሚኬደው ርቀት 0.2 በመቶ ያህል ያንሳል። 33 የሚያስፈልጋቸው ጎማዎች በ25 ቢነዱ ጉዳቱ 1.6 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው፤ የጎማው ዳርና ዳር ቶሎ ማለቁ ሳይቆጠር። ይህን በራስዎ መኪና ለማየት ታንከሩን ሞልተው ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ደርሰው ይመለሱና፣ እንደገና ሲሞሉ የገባውን ሊትር በሄዱበት ኪሎ ሜትር ያስሉ። ባሕር ዳር ከደብረ ማርቆስ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ያለች ስለሆነች፣ የመሄጃውን ብቻ የሚያሰላ ሰው ቁልቁለቱ የሰጠውን ትርፍ የጎማው አድርጎ ይቆጥረዋል።

ዓባይ በረሃ ወርደው ጎማው በሙቀቱ ግሎ ንባቡ ከፍ ብሎ ቢያገኙት ንፋስ አያስወጡ፤ በማግስቱ ጠዋት በደብረ ማርቆስ ብርድ ሲለኩት ጎድሎ ያገኙታል።