ፓሽቶ የማይናገሩትን ፓሽቱኖች ለማስተማር

እሑድ ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ «ጋሼ፣ ፓሽቶ የማያውቅ ሰው እንዴት ፓሽቱን ይባላል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ፓሽቱኖች የአፍጋኒስታንና የፓኪስታን ሕዝብ ናቸው፤ ፓሽቶም ቋንቋቸው ነው። ያኔ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁሽም። ክፍል ስትገቢ እንዲህ ጀምሪ።

ቋንቋን አታስቀድሚ። የደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ያለፉትን አባት አይተሻቸዋል። የነገደ ወይጦ የጥንት ቋንቋ ጠፍቷል፤ ዛሬ አፍ የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ማንነታቸው ግን አብሮ አልጠፋም። የባሕር ዳር ልጅ ይህን ስለሚያውቅ፣ ዛሬ በፓኪስታንና በሕንድ የተከፈለው የፑንጃብ ምድር ፓሽቱኖች ታሪክ አይርቀውም።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ የኢንደስን ወንዝ ከላይ ወደ ታች ሣዪ። በምዕራቡ ዳር ኢሳኸል፣ በምሥራቁ ሚያንዋሊ ብለሽ ጻፊ። ሁለቱም በፓኪስታን ፑንጃብ ያሉ ኒያዚ የተባለው የፓሽቱን ጎሣ አገሮች ናቸው፤ ብዙው ኒያዚ ዛሬ የአካባቢውን ቋንቋ ሳራይኪን ይናገራል። ስሙን ግን ልጆቹ ይፍቱት፦ «ኸል» ወገን ማለት ነው፤ ኢሳኸል የኢሳ ወገን። «ዛይ»ም ልጅ፣ ዘር ነው። አንደበት የረሳውን የቦታ ስም ይዞት ይቆያል።

ወደ ፑንጃብ ምን አመጣቸው ካሉሽ፣ ብዙዎቹን ወታደርነትና ሹመት ነው። ፓሽቱኖቹ ሎዲዎች ከ1451 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. ዴልሂ ላይ ነገሡ፤ የሸርዋኒ ጎሣ ሼኽ ሳድሩዲንም በዚያው ዘመን ዛሬ በሕንድ ፑንጃብ ባለችው ማሌርኮትላ ላይ መሬት አገኙ።

እዚህ ላይ አትቸኩዪ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፑንጃብ የሲርሂንድ ከተማ ገዥ፣ የሲክ እምነት ተከታዮችን መሪ የጉሩ ጎቢንድ ሲንግን ሁለት ትንንሽ ልጆች ከነሕይወታቸው ግንብ ውስጥ እንዲቀበሩ ሲፈርድ፣ የማሌርኮትላው ናዋብ (ገዥ) ሼር ሙሐመድ ካን ተቃወሙ። ልጆቹ አልተረፉም። ሲኮች ግን ያንን ቃል አልረሱም፤ በ1947 እ.ኤ.አ. ፑንጃብ በሕንድና በፓኪስታን ለሁለት ተከፍሎ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያርድ፣ ማሌርኮትላ ከእልቂቱ ተረፈች። ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ድምፄ ይሰበራል፤ ያንቺም ቢሰበር አትፈሪ።

በመጨረሻ ሁለት ጠመኔ አንሺ። በሰማያዊው ከሚያንዋሊ፣ በቀዩ ዛሬ ሕንድ ውስጥ ካለችው ከጃላንዳር፣ ፓኪስታን ውስጥ ወዳለችው ወደ ላሆር አስምሪ። የቀድሞው የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር የኢምራን ካን አባት ኒያዚ ናቸው። የጃላንዳሮቹ ቡርኪዎች፣ የእናቱ ወገኖች፣ በ1947 ድንበር ተሻግረው ላሆር ገብተዋል። እሱ በ1952 የተወለደው ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ነው፤ እዚያ ላይ ክብ አድርጊ።