ለጎንደር ሠርግ ጥሪ የቀን መምታታት መፍትሔ

ችግሩ፦ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች በረራ የሚቆርጡት አንድ ቀን አሳስተው ነበር። ካርዱ ላይ የኢትዮጵያ ቀን ብቻ ነው ያለው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ጥር 11 የሚውለው ጃንዋሪ 19 ሳይሆን 20 ነው፤ በልማድ የቆጠረ ይስታል።

የተፈታው ካርዱ እስኪታተም ሳይጠበቅ፣ ከአራት ወር በፊት በቴሌግራም እንዲህ በመላክ ነው፦ «እሑድ ጥር 16 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 24 ቀን 2027፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ማለትም እኩለ ቀን»። ዕለቱ ፈጽሞ አይቅር፤ የቀን ስህተት ካለ የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ሠርጉ ከጥምቀትና ከቃና ዘገሊላ ትንሽ ይራቅ፤ ያኔ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ አልጋ ማግኘት ይከብዳል። ለአዛውንቶች ግን መልእክት አይበቃም፤ ጠሪ ደጃፋቸው ድረስ ሄዶ በቃል ይንገራቸው።